ውሻው «ዕውቅና» አልሰጠም

ባለፈው እትማችን ከእንግሊዝኛ ተተርጉሞ የወጣው የኦዲሴዩስ ታሪክ በመጠለያችን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ለእኔ የደረሰኝ ቅጂ ጠርዙ ተበልቶ፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ ሻይ ፈስሶበት ነው፤ በእጅ ተጽፎ ለሚዞር ጽሑፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና መቼም የለም። ተርጓሚው ወንድማችን ሃያ ዓመት ከአገሩ ርቆ የኖረን ሰው ታሪክ ለእኛ መምረጡ ራሱ የሚያስመሰግነው ሲሆን፣ አማርኛውም በአብዛኛው የሚፈስስ፣ የማይጎረብጥ አማርኛ ነው። ማዕበሉ መርከቡን የሚሰባብርበትን አንቀጽ እኔ በበኩሌ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ስለዚህ የማነሣው ነቀፋ በአንድ ቃል ላይ ብቻ የተወሰነ መሆኑን አንባቢ ይረዳልኝ።

ቃሉ የሚገኘው ጀግናው የለማኝ ጨርቅ ለብሶ ከገዛ ግቢው ደጃፍ ሲደርስ ነው። በፍግ ክምር ላይ የተጣለው አሮጌ ውሻ፣ አርጎስ፣ የጌታውን ድምፅ ሲሰማ ጆሮውን ይጥላል፤ ጅራቱን ይወዘውዛል፤ ተነሥቶ ለመምጣት ግን አቅም የለውም። ከዚያ በትርጉማችን እንዲህ ተጽፏል፦ «ውሻው ለጌታው ዕውቅና ሰጠና ሞተ»።

ይህን ሲያነብ የሳቀ አለ። አንዳንዱ ደግሞ «ምን ያስቃል? ‘ሪከግናይዝ’ ማለት ያው ዕውቅና መስጠት አይደለም ወይ?» ብሎ ተከራክሯል። ከሳቁት ይልቅ ያሳሰቡኝ የተከራከሩት ናቸው። ይኸው ቃል በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ፣ በያዝናቸው ወረቀቶች ላይ፣ በቃለ መጠይቁ ክፍል ውስጥ በየዕለቱ የሚያጋጥመን ቃል ነውና። ለውሻው የተሳሳተው ትርጉም ለሰውም ተሳስቶ እየዋለ እንደሆነ ነው የማምነው።

እስቲ በመጀመሪያ እንግሊዝኛውን እንመልከት። «ሪከግናይዝ» በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲን የመጣ ቃል ነው። ፊተኛው ክፍል «እንደገና»፣ ኋለኛው «ማወቅ» ማለት ነው። መሠረቱ እንግዲህ ዳግመኛ ማወቅ ነው፤ ይኸውም ከዚህ በፊት የሚያውቁትን ነገር ወይም ሰው ሲያዩት ወይም ሲሰሙት ያው መሆኑን መለየት ማለት ነው። ከዚህ ግንድ ሌሎች ቅርንጫፎች ወጥተዋል። ሰው አንድን እውነት ሳይወድ በግዱ ሲቀበል፣ ለምሳሌ መሸነፉን ሲያምን፣ በዚሁ ቃል ይነገራል። መንግሥት ሌላውን መንግሥት፣ ሕግም የአንድን ሰው መብት ሲቀበል ይኸው ቃል ነው። የሠራ ሰው ሥራው ሲመሰገንለትም እንደዚሁ። አልፎ ተርፎም በስብሰባ ላይ ሊቀ መንበሩ እጁን ላወጣ ሰው የመናገር ተራ ሲሰጠው እንግሊዝኛው «ሊቀ መንበሩ እገሌን ሪከግናይዝ አደረገ» ይላል። እኛ «ዕድል ሰጠው» እንላለን፤ በጣም ጥሩ አማርኛ ነው፤ ማንም አይለውጠው። (በኤስም በዜድም ሲጻፍ የምታዩት ስሕተት አይደለም፤ ሁለቱም ይጻፋል።)

በማታው የእንግሊዝኛ ትምህርት ላይ ደጋግሞ የሚያጋጥም አንድ ነገር አለ። ከብዙ ዘመን በኋላ የተገናኘውን ሰው «አወቅኸኝ?» ለማለት የፈለገ ተማሪ «ዲድ ዩ ኖው ሚ?» ይላል። የአማርኛችን «አወቀ» ሁለት ሥራ ስለሚሠራ ነው ይህ የሚሆነው። ማወቅ የተባለውን የቆየ ሁኔታም፣ በዚያች ቅጽበት ብልጭ የሚለውን መለየትም በአንድ ግስ እንጠራለን። እንግሊዝኛው ግን የቆየውን «ኖው» ለሚለው ሰጥቶ፣ የቅጽበቱን «ሪከግናይዝ» ለሚለው ለይቶታል። ስለዚህ ወንድምህን ታውቀዋለህ፤ ጢሙን አሳድጎ፣ ከስቶ፣ ከጭነት መኪና ላይ ሲወርድ ግን «ሪከግናይዝ» ላታደርገው ትችላለህ። ይህን ልዩነት የያዘ ተማሪ የቃሉን ግማሽ ይዟል።

ከዚህ ተነሥተው ግን አማርኛ ደኸየ የሚሉ አሉ። አይደለም! እንግሊዞቹ ራሳቸው በድሮው መጽሐፍ ቅዱሳቸው፣ በ1611 እ.ኤ.አ. በታተመው፣ ዮሴፍ በግብፅ ወንድሞቹን ባየ ጊዜ የሆነውን የሚናገሩት እንደኛው «አወቀ» በሚለው ግስ ነው። «ሪከግናይዝ» የገባው በኋለኞቹ ትርጉሞች ነው። መቼም ይህን ታሪክ እኛ ባለንበት ሁኔታ ሆኖ ለሚያነብ ሰው የሚያስደንቅ ነገር አለው፦ እህል ፍለጋ ድንበር ተሻግረው የመጡትን ወንድሞች ዮሴፍ ሰላዮች ናችሁ ብሎ ይመረምራቸዋል፤ ቋንቋቸውን አጥርቶ እየሰማ በመካከላቸው አስተርጓሚ ያቆማል። እርሱ አውቋቸዋል፤ እነርሱ አላወቁትም። ሁለቱንም ወገን የሚሸከመው አንዱ «አወቀ» ነው፤ አልጎደለበትም።

«አወቀ» ብቻም አይደለም ያለን። «ለየ» የሚል ግስ አለን። ሕፃን ከአራስነት ወጥቶ እናቱን አይቶ መሣቅ ሲጀምር «ሰው ለየ» እንላለን። በሽተኛው ሲጸናበት «ሰው መለየት አቃተው» እንላለን። እረኛ ከብቱን ከመንጋ መካከል ይለያል። ከልደት እስከ ሞት አፋፍ የሚሄድ ቃል ነው። «ነቃ» አለን፦ አንድ ሰው የተሸሸገውን ነገር ሲደርስበት «ነቃበት» ይባላል። «አመነ» እና «ተገነዘበ» አሉን። ከሁሉ በላይ ደግሞ እኔ የምወደው «አልጠፋኝም» የሚለው ነው። «አወቅኸኝ ወይ?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልሳችን «እንዴት ትጠፋኛለህ!» ነው። ያላወቅነውን ሰው «ጠፋኝ» እንላለን እንጂ ሌላ አንልም። ይህን አነጋገር እንግሊዝኛው በምንም መንገድ አያገኘውም። በእኛ ቋንቋ ሰውን መለየት ማለት ያ ሰው ከልብ ውስጥ ሳይጠፋ መቆየቱን ማስታወቅ ነው። እንግሊዙ «እንደገና አወቅሁህ» ሲል ማወቁን አንድ ጊዜ አቋርጦ ቀጠለው ማለት ነው፤ እኛ «አልጠፋኸኝም» ስንል ድሮውንም አልተቋረጠም ማለታችን ነው። ስደተኛ የትኛውን ቢመርጥ እንደሚሻለው መናገር አያስፈልግም።

እንግዲህ «ዕውቅና መስጠት» የተባለው ከየት መጣ? ቃሉ የተወለደው ከዚያው ከ«ዐወቀ» ነው። ዕውቀት፣ ታዋቂ፣ ትውውቅ፣ ብዙዎቻችን ሳንይዘው የወጣነው መታወቂያም ሳይቀር የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ዕውቅና ግን ከቤቱ ወጥቶ መሥሪያ ቤት ገባ። ጋዜጣና ራዲዮ አሳደጉት። ዛሬ የሚኖረው «ሰጠ»፣ «አገኘ»፣ «ነፈገ»፣ «ተገፈፈ» ከሚሉት ግሶች ጋር ነው፤ እነዚህ ሁሉ የንብረት ግሶች መሆናቸውን ልብ ይሏል። የሚሰጥ ነገር ከመሰጠቱ በፊት በተቀባዩ እጅ አልነበረም። ሰጪው የመከልከል ሥልጣን አለው። የሰጠውንም መልሶ ሊወስድ ይችላል። በ«አወቀ» እና በ«ለየ» ውስጥ ግን ይህ ሁሉ የለም፤ የታወቀው ነገር ከማወቄ በፊትም እዚያው ነበረ። ዐይኔ ደረሰበት እንጂ አልፈጠርኩትም።

አርጎስ ዕውቅና አልሰጠም የምለው በዚህ ምክንያት ነው። ውሻው ለኦዲሴዩስ የሰጠው አንዳች ነገር የለም። ለየው። እንዲያውም በዚያ ግቢ ውስጥ ዕውቅና የመስጠትና የመንፈግ ሥልጣን የያዙት ቤቱን ወርረው፣ የሰውየውን ከብት እያረዱ የሚበሉት ጎረምሶች ናቸው፤ እነርሱ ደግሞ ከፊታቸው ቆሞ አልለዩትም። የታሪኩ ምጸት ይህ ሆኖ ሳለ የባለሥልጣኖቹን ቃል አንሥቶ ለውሻው መስጠት ምጸቱን መግደል ነው።

ነገሩ በውሻው አያበቃም። ሆሜር በዚህ ድርሰቱ ሰውየው አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ደጋግሞ እንዲታወቅ አድርጓል፤ እንግሊዝኛው ሁሉንም «ሪከግናይዝ» ቢላቸውም አማርኛው እያንዳንዱን በስሙ መጥራት ይችላል። ልጁ ቴሌማኮስ አባቱ ወደ ጦርነት ሲሄድ ሕፃን ነበር። የማያስታውሰውን ሰው «እንደገና» ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ አባትህ ነኝ ሲለው መጀመሪያ አይቀበልም፤ አምላክ ነህ እንጂ አባቴስ አይደለህም ይለዋል፤ በኋላ ነው የሚረታው። ለእርሱ የሚስማማው ግስ «አመነ» ነው። በስደት ተወልደው ወይም በአንቀልባ ድንበር ተሻግረው አገራቸውን ከአፋችን ብቻ የሚሰሙ ልጆች ያሉን ሰዎች ይህን ልዩነት በቀላሉ የምናልፈው አይመስለኝም። አሮጊቷ ሞግዚት ደግሞ እግሩን ስታጥብ ከጉልበቱ በላይ ያለውን፣ በወጣትነቱ ከርከሮ የወጋውን ጠባሳ በእጇ ዳበሰች። እርሷ «ነቃች»። እግሩ ከእጇ አምልጦ ሳህኑ ላይ ወደቀ፤ ሳህኑ ተገልብጦ ውሃው ፈሰሰ።

አሪስቶትል ስለ ግጥምና ስለ ቴአትር በጻፈው መጽሐፉ ይህን ጉዳይ በሰፊው መርምሮታል። መታወቅን ካለማወቅ ወደ ማወቅ መሸጋገር ነው ካለ በኋላ ዐይነቶቹን በደረጃ ያስቀምጣል። ከሁሉ የሚያንሰው በምልክት፣ በጠባሳና በአንገት ጌጥ የሚሆነው ነው ይላል፤ የኦዲሴዩስንም ጠባሳ በምሳሌነት ያነሣል። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ከታሪኩ አካሄድ ራሱ የሚወጣው ነው፤ የሶፎክልስ ኦዲፐስ ራሱን ያወቀው በዚህ ዐይነት ነው። ፈላስፋው ስለ ቴአትር ነበር የሚናገረው። ሆኖም በጠባሳና በታሪክ መካከል ያለውን ልዩነት ጠረጴዛ ፊት ተቀምጦ ሁለቱንም የተጠየቀ ሰው ከእርሱ ባላነሰ ሁኔታ ያውቀዋል። ወረቀት የያዘ በምልክት ይታወቃል። ወረቀት ያልያዘ በታሪኩ አካሄድ ብቻ ነው የሚታወቀው፤ ይህ ለሰሚው ከባድ ነው፤ ለተናጋሪው ደግሞ የባሰ።

እስካሁን ስለ ድርሰት ነው የተናገርሁት። «ዕውቅና ሰጠ» የሚለው ቃል በትክክለኛ ቦታው ሲውል ምን እንደሚሠራ ለማየት ግን የራሳችንን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእንግሊዝ አገር በስደት ሳሉ ኬብል ኤንድ ዋየርለስ የተባለውን ኩባንያ ለንደን ላይ ከሰሱት። ኩባንያው በራዲዮ ቴሌግራፍ ውል መሠረት ለኢትዮጵያ የሚከፍለው ከአሥር ሺህ ፓውንድ የሚበልጥ ገንዘብ ነበረበት። ገንዘቡ የማን ነው? የኢትዮጵያ መንግሥት ነው፤ የኢትዮጵያ መንግሥት ግን ማን ነው? በጁላይ 1938 ዳኛው ለንጉሠ ነገሥቱ ፈረዱ። እንግሊዝ ኢጣሊያን አገሩን በተግባር የያዘች ብላ ተቀበለቻት እንጂ በሕግ ባለቤት ናት አላለችም፤ የሕጉ ባለቤት አሁንም ከሳሹ ናቸው አሉ። ኩባንያው ይግባኝ አለ። ይግባኙ ሳይቋጭ በኖቬምበር 1938 የእንግሊዝ መንግሥት የኢጣሊያን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ብሎ በሕግ ዕውቅና ሰጠ። በዲሴምበር ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የመጀመሪያውን ፍርድ ሻረው፤ ያውም ዕውቅናው ክሱ ከመመሥረቱ በፊት ወደ ነበረው ጊዜ፣ ወደ 1936 መጨረሻ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዲሠራ አድርጎ። ከጁላይ እስከ ዲሴምበር በኢትዮጵያ ምድር ላይ ይህን ያህል የተለወጠ ነገር አልነበረም። አርበኞቹ በየጫካቸው ነበሩ። የተለወጠው ለንደን ላይ አንድ ቃል ነው። ዩናይትድ ስቴትስና ሶቪየት ኅብረት ያንን ቃል ለኢጣሊያ አልሰጡም። እንግሊዝም በጦርነቱ ምክንያት ተገልብጣ ንጉሠ ነገሥቱን በ1941 ወደ ዙፋናቸው አጅባ መለሰች።

እንዲህ ያለው ነገር «ዕውቅና ሰጠ»፣ «ዕውቅና ነፈገ» ቢባል ማንም አይነቅፍም፤ ልክ ነው። ኃይል ያለው ይሰጣል፤ ጥቅሙ ሲለወጥ ይነሣል። ቢሆንም በዚያው በመንግሥታቱ መካከል እንኳ ነገሩ ያለ ክርክር አላለፈም። በ1933 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ አህጉር አገሮች በሞንቴቪዴዎ የፈረሙት ስምምነት የአንድ አገር ፖለቲካዊ ህልውና በሌሎች ዕውቅና ላይ የተመሠረተ አይደለም የሚል ሐሳብ ይዟል።

ወደ ሰሌዳችን ልመለስ። «ሪከግናይዝድ ሬፊዩጂ» የሚለው በመጠለያችን «ዕውቅና የተሰጠው ስደተኛ» እየተባለ ይተረጎማል። ይህ ትርጉም ስለ ንጉሥና ስለ ኩባንያ የሚነገረውን ቃል ወስዶ በሰው ላይ ያኖራል። የ1951ዱን የጄኔቫ ስምምነት ለመተርጎም የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን በ1979 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ መጽሐፍ በዚህ ነጥብ ላይ ምንም አሻሚነት የለውም። በመመሪያው መሠረት አንድ ሰው በስምምነቱ የተዘረዘረውን ካሟላበት ጊዜ ጀምሮ ስደተኛ ነው፤ ይህም ማንም ከመወሰኑ በፊት የሚሆን ነገር ነው። ውሳኔው ስደተኛ አያደርገውም፤ መሆኑን ይናገራል እንጂ። በ1969 አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስምምነት የስደተኛን ትርጉም አስፍቶ፣ የአገሩ ጸጥታ ክፉኛ ታውኮበት የሸሸውን ሰው ጨመረ፤ በዚህም የተነሣ ሕዝብ በብዛት ሲተምም አንድ በአንድ ሳይመረመር በመጀመሪያ እይታ ስደተኛ መሆኑ የሚታወቅበት አሠራር አለ። በመጀመሪያ እይታ! ይህ የአርጎስ አስተያየት ነው እንጂ የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አይደለም።

ስለዚህ «ስደተኛነቱ የታወቀለት» ቢባል ይሻላል እላለሁ። በ«ታወቀለት» ውስጥ ያለችው ትንሿ «ለት» ሁሉንም ትናገራለች፦ ነገሩ የእርሱ ነበር፤ አሁን ለእርሱ ጥቅም ታወቀ። «የተረጋገጠለት» የሚሉም አሉ። በፊት ጥርጣሬ እንደነበረ ስለሚያስታውስ ጆሮዬን ትንሽ ይከብደዋል፤ ቢሆንም ከ«ዕውቅና» እጅግ ይሻላል፤ ተጠቀሙበት ቢሉኝ አልከራከርም።

ቃል ዱቄት አይሆንም፤ የራሽን ካርዱም በአማርኛችን ማማር አይጨምርም የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው። ግን ሁለት ነገር ልበል። ማመልከቻው ያልተሳካለት ሰው «ዕውቅና ተነፈግሁ» እያለ ሲከርም ውሎ አድሮ ስደተኛ አይደለሁም ማለት ይጀምራል። የሸሸው ነገር ያው ነው፤ የተሻገረው በረሃ ያው ነው፤ የጎደለው ያላወቁለት ሰዎች ዐይን ብቻ ነው። «አልታወቀልኝም» የሚል ሰው ግን እውነቱን በእጁ እንደያዘ ይቆያል፤ ሌላ ጊዜም ሊያስረዳ ይነሣል።

ሁለተኛው በመጠለያው ሲወራ የሰማሁት ነው። አንድ ጎልማሳ በቃለ መጠይቅ ላይ ወረቀት ያሳዩትና «ይህን ፊርማ ሪከግናይዝ ታደርጋለህ ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። ፊርማው የገዛ ወንድሙ ነው። አስተርጓሚው፣ ቅን ልጅ ነው አሉ፣ «ለዚህ ፊርማ ዕውቅና ትሰጣለህ?» ብሎ አቀረበለት። ሰውየው በትሕትና «እኔ ለፊርማ ዕውቅና የምሰጥ ማን ሆኜ ነው ጌታዬ? ኧረ የለም» አለ። አስተርጓሚው «ኖ» አለ። በመዝገቡ ላይ የሰፈረው እንግዲህ ይህ ሰው የወንድሙን ፊርማ አያውቀውም የሚል ነው። «ታውቀዋለህ ወይ?» ወይም «ትለየዋለህ?» ቢባል ኖሮ መልሱ «እንዴት ይጠፋኛል!» ነበር።

ዕውቅናን ከቋንቋችን እናባርር አላልሁም። ለአገር፣ ለማኅበር፣ ለትምህርት ቤት፣ ለዲፕሎማ ቦታው ነው። ለተመሰገነ ሰውም ቢሆን አይከፋም፤ ምንም እንኳ «አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች» የሚለው ተረታችን በዚህ በኩል ለሚመጣው ዕውቅና በቂ ማስጠንቀቂያ ቢሆንም። ሰው ሰውን ሲለይ ግን ይህን ቃል ከበር መልሱት።

ተርጓሚው ወንድማችን ቀጣዩን ክፍል እየሠራ መሆኑን ሰምቻለሁ። በዚያ ክፍል ፔኔሎፔ ባሏን በአልጋው ትፈትነዋለች። አልጋውን አውጥታችሁ አንጥፉለት ስትል ሰውየው ይቆጣል፤ አልጋው ከቆመ የወይራ ዛፍ ግንድ ላይ የተሠራ ስለሆነ ከቦታው እንደማይነቃነቅ ከሁለቱና ከአንዲት ደንገጡር በቀር የሚያውቅ የለም። እዚያ ላይ «ሪከግናይዝ» ሲመጣ እኔ «አልጠፋትም» ብዬ እተረጉመው ነበር። እርሱ የተሻለ ካገኘ ግን ይጻፈው፤ ብቻ ቅጂዎቹ ከመባዛታቸው በፊት ቢያሳየኝ ደስ ይለኛል፤ ወረቀት እንደሆነ እያለቀብን ነው።